ጨለማው የፊልሙ ነው ወይስ የካሴቱ?

ልጅ ሆኜ ደሴ ውስጥ ያየሁት አንድ ፊልም አለ። ቪዲዮ ቤቱ ከፒያሳ ወረድ ብሎ የነበረ የጭቃ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበሮች፣ መስኮቱ ላይ የተወጠረ ጥቁር ጨርቅ፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። የሞቱ ሰዎች ተነስተው አንድ ቤት ይከባሉ። ቤት ውስጥ ያሉት በሩንና መስኮቱን በሳንቃ ይቸነክራሉ። ከዚያ ያለፈ ብዙ ነገር አይታይም። ፊት የለ፣ እጅ የለ፣ ጥላ ብቻ። ሊያልቅ ሲል ዴኩ ክሩን በላው። መጨረሻውን ሳናይ ወጣን።

ለዓመታት ያ ፊልም ሲሠራም እንዲያው ጨለማ ተደርጎ የተሠራ ይመስለኝ ነበር። አድጌ ጥርት ያለውን ቅጂ ሳገኝ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሜዳው ላይ ያለው ሳር ይታያል። ሰዎቹ ፊት ላይ ያለው ላብ ይታያል። ጨለማው የፊልሙ አልነበረም። የካሴቱ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሰሞኑን ስልኩን ይዞ መጣ። ስክሪኑ ላይ የአንድ ሰው ፎቶ አለ። ረጅም ጥቁር ባርኔጣ፣ የፈጠጡ ዓይኖች፣ እንደ መጋዝ የሾሉ ጥርሶች። «አጎቴ፣ ይሄን ፊልም ያልፈለግኩበት ቴሌግራም የለም። ፍላሽ ላይ የሚጭኑት ልጆችም አያውቁትም። ፎቶው እያለ ፊልሙ እንዴት ይጠፋል?» አለኝ።

«አብሽር፣ አንተ መፈለግ አቅቶህ አይደለም» አልኩት። ከዚያ ቁጭ ብለን አመሸን። ለእሱ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ዓመታቱን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

አንድ የድሮ ፊልም ቤትህ ድረስ እንዲመጣ ሦስት ነገር መገናኘት አለበት። በመጀመሪያ ፊልሙ የተቀረጸበት ቁስ ራሱ መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ የማባዛት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሦስተኛ ደግሞ ገንዘብና ጉልበት አፍስሶ የሚያድሰው ሰው መገኘት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ፊልሙ የለም ማለት ነው። አስፈሪ ፊልሞች ላይ ሦስቱም አብዝተው ይጎድላሉ። ምክንያቱም ብዙዎቹ በትንሽ ገንዘብ፣ በትናንሽ ኩባንያዎች የተሠሩ ናቸው። በዘመናቸውም እንደ ተራ ማስፈራሪያ ይታዩ ነበር እንጂ ይጠበቁ ያላቸው ሰው ጥቂት ነው።

ከቁሱ እንጀምር። ፎቶው ላይ ያለው ተዋናይ ሎን ቼኒ ይባላል። ፊልሙ ቶድ ብራውኒንግ በ1927 የሠራው «ለንደን አፍተር ሚድናይት» ነው። የእህቴ ልጅ ያላገኘው ማንም ስለሌለው ነው። የመጨረሻው የታወቀ ቅጂ በ1960ዎቹ የኤምጂኤም ስቱዲዮ ማከማቻ ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ። የተረፉት ፎቶዎችና የፊልሙ ጽሑፍ ናቸው። በ2002 ተርነር ክላሲክ ሙቪስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ 45 ደቂቃ ያህል የሚሆን ምትክ አዘጋጅቷል። ከዚያ በላይ የሚታይ ነገር የለም።

እሳቱ ድንገተኛ ዕድል ብቻ አይደለም። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሲኒማ የሚቀረጽበት ክር ናይትሬት ከሚባል ነገር የተሠራ ነበር። ናይትሬት አንዴ ከተቀጣጠለ የሚነድበትን ኦክስጅን ራሱ ያመነጫል። ውሃ ውስጥ ቢነክሩት እንኳ መንደዱን አያቆምም። በ1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሊትል ፌሪ በምትባል ከተማ የፎክስ ኩባንያ ማከማቻ በበጋ ሙቀት ተቀጣጥሎ የኩባንያው ድምፅ አልባ ፊልሞች አብዛኞቹ በአንድ ሌሊት ወደሙ። ባይቃጠልም ይበሰብሳል። መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ከዚያ ይሸታል፣ በመጨረሻ ቡናማ ዱቄት ይሆናል።

የሰው እጅም አለበት። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ድምፅ አልባዎቹ ገበያ አጡ። ስቱዲዮዎቹ ለማከማቻ ቦታ ከሚከፍሉ ብለው ጣሏቸው። ክሩ ውስጥ ብር ስላለም ብሩን ለማውጣት ያቀለጧቸው ብዙ ናቸው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ያወጣው ጥናት እንደሚለው፣ አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 11 ሺህ ገደማ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች ውስጥ በመጀመሪያው ይዞታቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው።

ይህን ስነግረው የእህቴ ልጅ አላመነኝም። «መቶ ዓመት እንኳ ሳይሞላው?» አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስን አስታወስኩት። ገዳሙ ውስጥ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈ አራቱ ወንጌል አለ። የተጻፈው በ1280 ወይም በ1281 ነው። ብራናው ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ይነበባል። የሲኒማ ክር ግን በሰው ዕድሜ ውስጥ ዱቄት ይሆናል። ያም ሆኖ ብራናም አንድ ብቻ ከሆነ አያስተማምንም። ለዚህ ነው በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ የሐይቁም ወንጌል የተነሣው። የማይክሮፊልሙ ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ተቀምጧል። ሁለተኛ ቅጂ፣ ሩቅ ቦታ። ፊልምንም የሚያድነው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የምወደው ክፍል ነው። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ በ1931 ለሲኒማ ቤት ያበቃውን «ድራኩላ» ቀን ቀን በእንግሊዝኛ ይቀርጽ ነበር። ማታ ማታ ደግሞ በዚያው ቤት፣ በዚያው ደረጃ ሌላ ቡድን በስፓኒሽ ይቀርጸዋል። ብዙ ሰው የማታው ቡድን የተሻለ ሠርቷል ይላል። እኔም እስማማለሁ። ካሜራው ይንቀሳቀሳል፣ ተዋንያኑም ይደፍራሉ። ግን ለረጅም ጊዜ የፊልሙ አንድ ጥቅል ጠፍቶ ቆየ። የተገኘው ኩባ ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት ሙሉው ፊልም በካሴት ለገበያ የወጣው በ1992 ነው። ሲኒማ ቤት ከታየ 61 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የእንግሊዙ ሀመር ኩባንያ በ1958 የሠራው «ድራኩላ»ም እንዲሁ ነው። ሳንሱር የቆረጣቸው ትዕይንቶች ቶኪዮ ካለ የፊልም ማኅደር ተገኙና በ2013 ወደ ፊልሙ ተመለሱ። ካናዳ ሰሜን ምዕራብ ውስጥ ዳውሰን ሲቲ የምትባል የወርቅ ፈላጊዎች ከተማ አለች። በ1978 እዚያ መሬት ሲቆፈር 533 የፊልም ጥቅሎች ተገኙ። የተቀበሩት የድሮ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ነበር። ዳውሰን የፊልም ማከፋፈያው መስመር መጨረሻ ነበረች። እዚያ የደረሰ ፊልም መመለሻው ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ስለዚህ አይመለስም። ዋናው ከተማ የጣለውን የመስመሩ መጨረሻ ያስቀራል። እኔ ይህን ሳነብ ደሴ፣ ወልድያ፣ ላሊበላ ነው የታየኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ ካሴት እዚህ ከደረሰ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

አንዳንዴ ደግሞ አዳኙ አንድ ሰው ብቻ ነው። የቶማስ ኤዲሰን ኩባንያ በ1910 «ፍራንከንስታይን»ን ሠርቶ ነበር። ሩብ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ አጭር ፊልም ነው። ለአሥርት ዓመታት ጠፍቷል ተባለ። ኋላ ላይ ግን ዊስኮንሲን ውስጥ አንድ ፊልም ሰብሳቢ እጅ ላይ እንዳለ ታወቀ። ዛሬ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አድሶት በኢንተርኔት በነፃ ይታያል።

አሁን ወደ ፈቃዱ። ቁሱ ኖሮም ፊልሙ የማይወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህን ለመረዳት የወራሾች መሬትን አስቡ። አባት ሞቶ ሰባት ልጆች ቀሩ እንበል። አንዱ ኮምቦልቻ ነው፣ ሁለቱ ጅዳ ናቸው፣ አንዱ የት እንዳለ አይታወቅም። ሁሉም ካልፈረሙ መሬቱ አይሸጥም። ፊልምም እንዲሁ ነው። ታሪኩ የተወሰደበት መጽሐፍ ባለመብት አለው። ሙዚቃው ሌላ ባለመብት አለው። አከፋፋዩ በየአገሩ የተለያየ ነው። ኩባንያው ከስሮ ከሆነ ንብረቱን የገዛው ማነው? ውሉ የተፈረመውስ ቪዲዮ የሚባል ነገር ሳይታሰብ፣ ለሲኒማ ቤት ብቻ ከሆነ? በርካታ ፊልሞች ማከማቻ ውስጥ ደህና ተቀምጠው የሚጠብቁት አንድ ፊርማ ነው።

ጄምስ ዌል በ1932 የሠራው «ዘ ኦልድ ዳርክ ሐውስ» ጥሩ ምሳሌ ነው። ዶፍ በሚጥልበት ሌሊት መንገደኞች አንድ የተረሳ ቤት ይጠለላሉ። ዩኒቨርሳል የመጽሐፉ መብት ከእጁ ወጣ፣ ሌላ ኩባንያም በ1963 ታሪኩን እንደገና ሠራው። የድሮውን የሚፈልገው ሰው አልነበረም። ተረሳ፣ ከዚያም ጠፍቷል ተባለ። ከርቲስ ሃሪንግተን የተባለ የፊልም ዳይሬክተር ግን ነገሩን አልተወውም። የዌል ወዳጅ ስለነበር እየደጋገመ ወተወተ። በ1968 ኔጋቲቩ፣ ማለትም ቅጂ ሁሉ የሚባዛበት የመጀመሪያው ክር፣ ዩኒቨርሳል የራሱ ማከማቻ ውስጥ ተገኘ። ጥርት ብሎ የታደሰው ቅጂ የወጣው ደግሞ በ2017 ነው። አንድ ሰው አጥብቆ ባይጠይቅ ኖሮ ያ ኔጋቲቭ እዚያው በስብሶ ይቀር ነበር።

ሕግ ፊልም እንዲጠፋ ያዘዘበትም ጊዜ አለ። የጀርመኑ «ኖስፌራቱ» በ1922 ሲሠራ ታሪኩ ያለ ፈቃድ ከብራም ስቶከር «ድራኩላ» የተወሰደ ነበር። የደራሲው ሚስት ከሰሰች። በ1925 የበርሊን ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ወሰነ። ፊልሙ ዛሬ የሚታየው አንዳንድ ቅጂዎች ቀድመው ወደ ውጭ ወጥተው ስለነበር ነው።

እስካሁን ያልኩትን የሰማ ሰው «ባለቤት ባይኖረው ኖሮ ሁሉም ፊልም በቀላሉ ይገኝ ነበር» ሊል ይችላል። እኔም እንዲያ አስብ ነበር። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል።

ልጅ ሆኜ ያየሁት ያ ጨለማ ፊልም «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ነው። ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የሠራው ነው። የወጣበት 114 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። የፊልሙ የመጀመሪያ ስም ሌላ ነበር። አከፋፋዩ ስሙን ቀይሮ አዲስ የርዕስ ጽሑፍ ሲያስገባ የቅጂ መብት ምልክቱ አብሮ ወጣ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ምልክቱ ቅጂው ላይ ከሌለ መብትም የለም ይል ነበር። በአንዲት መስመር ጽሑፍ መጉደል ፊልሙ የሁሉም ሰው ሆነ። ሠሪዎቹም ማግኘት የነበረባቸውን ገንዘብ ሳያገኙ ቀሩ።

ከዚያ የሆነውን አስተውሉ። ካሴት ሲመጣ ማንም ያለ ፈቃድ ያትመው ጀመር። ማንም ማተም ከቻለ ደግሞ ገንዘብ አውጥቶ የሚያድስ የለም፤ ነገ ጎረቤቱ የእሱኑ ቅጂ ገልብጦ በርካሽ ይሸጥበታል። ስለዚህ ሁሉም ከቅጂ ቅጂ፣ ከቅጂው ሌላ ቅጂ አወጣ። የካሴት ክር በተገለበጠ ቁጥር ይደበዝዛል። ከደብዳቤ ላይ የተነሣ ፎቶኮፒ እንደገና ፎቶኮፒ ሲደረግ ያለውን አስቡት። ደሴ የደረሰን ስንተኛው ቅጂ እንደነበር አላህ ይወቀው። ባለቤት አልባ መሆኑ በየቦታው አዳረሰው፣ እዚያው ላይ ደግሞ አበላሸው። መዳን የቻለው ሠሪዎቹ የመጀመሪያውን ኔጋቲቭ ጠብቀው ስላቆዩት ነው። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ከኔጋቲቩ አድሶ በ2016 አሳየው። በ2018 ክራይቴሪየን የተባለ ኩባንያ በዲስክ አወጣው።

«ለንደን አፍተር ሚድናይት»ንም አስቡት። በአሜሪካ ሕግ የዚያ ዘመን ፊልም 95 ዓመት ከሞላው በኋላ ነፃ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ፊልም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የሁሉም ነው። ማንም ሊያባዛው ይችላል። የሚባዛ ነገር ግን የለም።

ሦስተኛው ነገር አዳሹ ነው። የ96 ደቂቃ ፊልም፣ በሰከንድ 24 ምስል ሲሰላ፣ 138,240 ምስሎች አሉት። እነዚህ አንድ በአንድ ስካን ይደረጋሉ። ጭረቱ ይጠፋል፣ የተቆረጠው ከሌላ ቅጂ ይሞላል፣ ብርሃኑ ይስተካከላል። ይህን ለተረሱ አስፈሪ ፊልሞች የሚሠሩት አብዛኞቹ ትናንሽ ድርጅቶች ናቸው። አሮው፣ ሴቨሪን፣ ቪኔጋር ሲንድሮም የሚባሉ አሉ። የመጨረሻው ስሙን ያገኘው ከበሽታ ነው። ናይትሬትን የተካው ክር ሲበሰብስ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ያ በሽታ በእንግሊዝኛ እንዲህ ነው የሚጠራው። እነዚህ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚያትሙት በቁጥር ተወስኖ ነው። ሲያልቅ አለቀ። ስለዚህ አንድ ፊልም «ወጥቷል» ተብሎም ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና ሊጠፋ ይችላል።

ይህ የፈረንጅ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አስፈሪ ፊልም አይደለም፤ የገበሬውን ኑሮ የሚያሳይ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በ2006 የታደሰው ጣሊያን ቦሎኛ ውስጥ ነው። ያ ባይሆን የእኛ ልጆች የሚያዩት ምን ይሆን ነበር?

ሦስቱም ተገናኝተው ዲስኩ ታተመ እንበል። ደሴ ይደርሳል ወይ? ዲቪዲ ሲሠራ ዓለም በስድስት ክልል ተከፍላለች። አሜሪካ 1 ናት፣ እኛ 5 ነን። ከዲቪዲ በኋላ በመጣው ዲስክ፣ በብሉሬይ፣ ደግሞ አሜሪካ ኤ ናት፣ እኛ ቢ ውስጥ ነን። ከቨርጂንያ ዘመድ ያመጣው ኦሪጅናል ዲስክ ማጫወቻው ውስጥ ገብቶ «ለዚህ ክልል አይደለም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ዲስኩ አልተበላሸም። ሁሉንም ክልል የሚያነብ ማጫወቻ አለ፣ ሲገዙ መጠየቅ ነው። በክፍያ የሚታዩት የኢንተርኔት አገልግሎቶች ደግሞ የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋሉ። ካርዱ ቢገኝም መብቱን የገዙት ብዙ ጊዜ ለተወሰኑ አገሮች ብቻ ስለሆነ ፊልሙ እኛ ጋ ላይከፈት ይችላል።

ስለዚህ ለእኛ ከሁሉ የሚቀርቡት ነፃ የሆኑት የድሮ ፊልሞች ናቸው። «ኖስፌራቱ» እና «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ አሉ። ማውረድ ስርቆት አይደለም። ለእህቴ ልጅ የነገርኩት ጥንቃቄ ግን አለ። የመጀመሪያውን ያገኘኸውን ቅጂ አትውሰድ።

ርዝመቱን እይ። «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» 96 ደቂቃ ነው። 92 ከሆነ አትደንግጥ። በእኛ የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ በፓል፣ ፊልም በሰከንድ 25 ምስል ስለሚሄድ ትንሽ ይፈጥናል። 80 ከሆነ ግን ተቆርጧል። መቁረጥ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ቢል ገን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ዳይሬክተር በ1973 «ጋንጃ ኤንድ ሄስ» የሚል የቫምፓየር፣ ማለትም የደም መጣጭ፣ ፊልም ሠርቶ ነበር። አከፋፋዩ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆርጦ በሌላ ስም ሸጠው። ለዓመታት ሰው ያየው የተቆረጠውን ነው። ሙሉው የተረፈው አንድ ቅጂ በዚያው በኒው ዮርኩ ሙዚየም ስለተቀመጠ ነው።

«ኖስፌራቱ»ን ስትፈልግ ደግሞ ቀለሙን እይ። ያኔ ሌሊትን በሌሊት መቅረጽ ከባድ ነበር። ስለዚህ ቀን ይቀርጹና ክሩን ሰማያዊ ያቀልሙታል። ተመልካቹ ሰማያዊ ሲያይ ሌሊት መሆኑ ይገባዋል። ርካሹ ቅጂ ቀለሙ የለውም። ስለዚህ የፀሐይ ብርሃን የሚገድለው ቫምፓየር በጠራራ ፀሐይ ሲዞር ታያለህ። ብዙ ሰው «የድሮ ፊልም አያስፈራም» የሚለው ይህን ዓይነቱን አይቶ ነው። እኔም በዚያ ካሴት ምክንያት ስንት ዓመት ተሳስቻለሁ።

ያን ምሽት ሰማያዊውን «ኖስፌራቱ» አብረን አየነው። ልጁ ከመሃል ጀምሮ ስልኩን አስቀመጠ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወሎ ውስጥ ለምትኖሩ። ቪዲዮ ቤት የነበራችሁ፣ ካሴት ታከራዩ የነበራችሁ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ካሴት ቆጥ ላይ የሰቀላችሁ አላችሁ። ውስጡ የሰርግ ቪዲዮ ሊሆን ይችላል፣ ከቴሌቪዥን የተቀዳ ድራማ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ቦታ የጠፋ የአማርኛ ፊልም ሊሆን ይችላል። የዴክ ምርት በ2016 ስላቆመ የሚያጫውተው መሣሪያ በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። አትጣሉት። ሻጋታ ካለበት ዴክ ውስጥ አትክተቱት፣ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ደህና ከሆነ እስከ መጨረሻው አጠንጥኑት። እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ፣ ከድምፅ ማጉያና ከማንኛውም ማግኔት አርቃችሁ፣ ፀሐይና እርጥበት የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ጀርባው ላይ ምን እንደሆነና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተቀዳ በእስክሪብቶ ጻፉበት።